ረቡዕ እሷ የለችም

የአበባ ማጠጫው ምድር ቤት ውስጥ ምን ያደርጋል? እኔ የወረድኩት ሻንጣ ፍለጋ ነበር። ምራቴ ሲልኬ "እማማ፣ ባለ ጎማ አዲስ ሻንጣ ልግዛልሽ?" ብትለኝ "አሮጌው ምን ሆነና!" ብዬ፣ በዚህ ኦፕራሲዮን በሆነ ጉልበቴ ግድግዳውን እየተደገፍኩ ወረድኩ። ቡናማውን የቆዳ ሻንጣ ከመደርደሪያው ስስበው አረንጓዴው ማጠጫ ከኋላው ብቅ አለ፤ የብስክሌት ሰንሰለቱ አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ ነው። የዚህ ማጠጫ ቤቱ እዚህ አይደለም። ቤቱ መቃብር ቦታው ነው፤ ቧንቧው አጠገብ ካለው ብረት ጋር፣ ከሌሎቹ መበለቶች ማጠጫ ጎን ተቆልፎ ነው የሚኖረው። ካልቆለፉትማ ይሰረቃል፤ የራሱን ሙት ሊያጠጣ የመጣ ሰው የሌላውን ሙት ማጠጫ ይዞ እብስ ይላል፣ ወይ ጉድ! ከፋሲካ በፊት ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ስሆን ሲልኬ "አንቺ አትድከሚ፣ በየሳምንቱ እኔ አጠጣዋለሁ" ብላ ቁልፉን ከእጄ ተቀበለችኝ። የባሌን የፍሪድሄልምን የመቃብር አበባ ማለቷ ነው። ውስጡን በጣቴ አበስኩት። ደርቋል፣ ሸረሪት ቤቷን ሠርታበታለች። ታዲያ በምን ስታጠጣው ከረመች? በእንባዋ?

ደግሞ "እማማ" አለችኝ። ሲልኬ እማማ የምትለኝ አንድ ነገር ስትፈልግ ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን ትራውድል ነኝ። ቤቱ የእኔ ነው፤ ታች በሁለት ክፍል እኔ፣ ፎቁ ላይ ልጄ ዮርግና እሷ እንኖራለን። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚህ ቤት ከሬገንስቡርግ ሌላ ወሬ የለም። የፎቁ ጠረጴዛ ላይ የአሮጌው ከተማ ካርታ ተዘርግቷል፤ የድንጋዩ ድልድይ፣ ካቴድራሉ፣ ድልድዩ ሥር ያለችው ቋሊማ ቤት፣ ዳኑብ ላይ የምትሄደው ጀልባ፣ ሁሉም በእርሳስ ተከቧል። ሆቴሉ ከነቁርሱ ለአንድ ሌሊት መቶ ሠላሳ ዩሮ ነው፤ በዚያ ገንዘብ እኔ ለወር የሚሆን ቋሊማ እገዛለሁ። "የበዓል ዋጋ ነው፤ በመስከረም እንሂድ፣ ሰውም ይቀንሳል" አልኳቸው። ዮርግ፣ ቤንዚን በሁለት ሳንቲም ረከሰ ሲሉት ከተማውን አቋርጦ የሚሄደው ልጄ፣ "ዋጋው ምንም አይደል እማዬ፣ የጰራቅሊጦስ ሳምንት መሆን አለበት" አለኝ። ያኔ ነው ጆሮዬ የቆመው።

ሬገንስቡርግን ደግሞ ከየት አመጧት? እኔና ፍሪድሄልም ልንሄድባት የነበረች ከተማ ናት። "ጡረታ ልውጣ እንጂ ትራውድል፣ ድልድዩ ላይ አቁሜ ዳኑብን አሳይሻለሁ" ይለኝ ነበር። ጡረታ ሳይወጣ ከብረት ማቅለጫው ምድጃ እንደመጣ፣ ቦት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበር ላይ ቀረ። ይኸው ከሞተ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ከልጆቼ አንድ ቀን "እማዬ፣ ሬገንስቡርግ" ያለኝ የለም። አሁን ግን ካርታ ዘርግተው "ሁልጊዜ ትመኚ ነበር እኮ" ይሉኛል። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይኖራል ስንጥር። የጓደኛዬን የኡርዝልን ነገር መች ረሳሁት? ልጆቿ ለዕረፍት ብለው አንድ ፍል ውኃ ያለበት ከተማ ወሰዷት፤ ቤቷ ተሸጠ፣ እሷ እዚያው ከቀረች አራት ዓመቷ ነው፣ እስካሁን ዕረፍት ላይ ናት።

ሻንጣውን በአንድ እጄ፣ ማጠጫውን በሌላው እንደያዝኩ የሲልኬ ድምፅ ከላይ ከደረጃው ወረደ። ስልክ ላይ ናት። እኔ ምድር ቤት መሆኔን ረስታዋለች። "አይ፣ ማክሰኞ አይሆንም፤ ረቡዕ ይሻላል" አለች። "ረቡዕ እሷ የለችም። ... አዎ፣ ሁሉም ይነሳ። ምንም እንዳይቀር።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እንዳትሰማ ነው የምንፈልገው" ብላ ዘጋች።

ረቡዕ እኔ የት ነኝ? ዳኑብ ላይ፣ ጀልባ ውስጥ፣ ኬክ እየበላሁ። ሁሉም ይነሳ የተባለው ምኑ ነው? ቁም ሣጥኔ? ፍሪድሄልም በእጁ የሠራው የርግብ ቤት? አልጋዬ? አሮጊት ጀልባ ላይ አውጥተው ቤቷን ባዶ ሊያደርጉት! ልጮኽ ዳዳኝና ዋጥ አደረግሁት። ነገር ሲገባህ ዝም በል፣ ዝም አይነቅዝም ትል ነበር እናቴ። ማጠጫውን በትልቁ የገበያ ቦርሳ ከትቼ፣ ሻንጣውን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ፎቁ ላይ ነው የምንበላው። ትኩስ ዳቦ፣ የጉበት ቋሊማ፣ የተቀቀለ እንቁላል። ካርታው ወደ ጠረጴዛው ጥግ ተገፍቷል፤ ድልድዩ ላይ የማርማላታ ጠብታ አርፎበታል። ወጥ ቤቱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ሲልኬ አንድ ነገር ሲከነክናት ግድግዳ ሳይቀር ታጥባለች። ቢላዋ ዳቦ ላይ ሲፋቅ ብቻ ነው የሚሰማው። ዮርግ የኢንሹራንስ ሰው ነው፤ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሲዋሽ ግን ያው የስድስት ዓመት ልጅ ነው፣ ጆሮው ይቀላል። ጆሮውን አየሁት። ቀልቷል።

"በባቡሩ መስኮት በኩል ትቀመጫለሽ ወይስ በመተላለፊያው?" አለኝ።

"ከመውጫው አጠገብ" አልኩት። ከዚያ እንደ ዋዛ ወደ ሲልኬ ዞርኩና፣ "ፍሪድሄልም እንዴት ነው? ውኃ አገኘ?"

"ትናንት ነበርኩ" አለች ሲልኬ፣ ዓይኗን ከቅቤው ሳታነሳ። "ቢጎንያ አበባው ደስ ብሎት አብቧል።"

ዮርግ እንቁላሉ ላይ እንደ ሰዓት ሠሪ ጎንበስ ብሎ መላጥ ጀመረ። እኔ ዳቦዬን ጨርሼ ተነሳሁና ፀጉር ቤት ልሄድ ነው አልኳቸው። ሲልኬ በመኪና ላድርስሽ አለች፤ ኧረ ወዲያ፣ እግር አለኝ አልኩ። የገበያ ቦርሳ ይዞ ፀጉር ቤት የሚሄድ ሰው አይተው እንኳ አልጠረጠሩም። እነሱ የሚደብቁት ነገር ስላለ የእኔን የሚያይ ዓይን አልተረፋቸውም።

አውቶቡሱ ውስጥ ቦርሳው ጭኔ ላይ ነው፣ የማጠጫው አፍንጫ ወጥቶ አጠገቤ ያለውን ሰው ክርን ይጎነትለዋል። በሐይቁ በኩል አለፍን። ሐይቅ ይበሉት እንጂ ፍሪድሄልም ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ነው። ብሎን በብሎን ፈተው ለቻይና ሸጡት፣ ጉድጓዱን ውኃ ሞሉበት፣ ዳር ዳሩን ሐኪምና ጠበቃ ቪላ ሠራበት፤ እሱ እሳት ሲያነድ በኖረበት ዳክዬ ይዋኛል። ከተማችን ዶርትሙንድ ስትባል ማንሳት ታውቅበታለች፤ አንስታ አንስታ፣ ላዩን ሣር ዘርታ፣ አግዳሚ ወንበር ታስቀምጥበታለች። ይህን ሳያይ መሞቱ ጥሩ ነው እያልኩ ነበር ሁልጊዜ የማልፈው። ዛሬም እንዲሁ አልኩና ወረድኩ።

በታችኛው በር ነው የምገባው፤ ከአበባ ሻጩ ወደ ግራ፣ ቧንቧው ጋ ደርሶ ወደ ቀኝ። ብረቱ ላይ የሁሉም ማጠጫ በየቦታው ተቆልፏል፤ የእኔ ቦታ ባዶ ነው፣ ዝገቱ ላይ ክብ ምልክት ቀርቷል። ወይዘሮ ፒዮንቴክ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብላለች። የእሷ ባል ከእኔው ሁለት መቃብር አለፍ ብሎ ነው፤ ከባሎቻችን በላይ እኛ ተዋውቀናል። ወሬ የማያልፋት ሴት ናት፣ ምላሷ ግን ክፉ አይደለም።

"ኧረ ወይዘሮ ኦስትካምፕ! እርስዎ ነዎት?" ብላ ቀና አለች። "እኔማ ጠቅልለው ሬገንስቡርግ ሊገቡ ነው ብዬ ስንት ጊዜ አዘንኩ!"

"ጠቅልዬ? ማን አለ?"

"ምራትዎ ናት። ሐሙስ ዕለት ከድንጋይ ጠራቢው ጋር መጥታ ነበር። 'በዚያ ሳምንት እሷ ሬገንስቡርግ ናት' ስትለው ሰማሁ። ሰውዬው ድንጋዩን ሲለካ ..."

"የቱን ድንጋይ?"

ወይዘሮ ፒዮንቴክ ማጠጫዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ክንዴን ያዘችኝ፤ አብረን ሄድን።

ቢጎንያ የሚባል ነገር የለም። አምና በመከር የተከልኩት ደርቆ መጥረጊያ መስሏል። መቃብሩ ላይ የማበራው ፋኖስ ተወስዷል። ከግራና ከቀኝ የነበሩት ሁለት መቃብሮች ተነስተው ሣር ሆነዋል፣ የማን እንደነበሩ እንኳ ወዲያው አልመጣልኝም። የፍሪድሄልም ድንጋይ እግሩ ላይ በቀይ ቀለም ነጥብ ተደርጎበታል፤ እንደሚቆረጥ ዛፍ። እኛ ዘንድ ሙትም ተከራይ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላ ካላደሱለት ድንጋዩ ይነሳል፣ ሣር ይዘራበታል። ይህን የማያውቅ የለም፣ እኔም አውቃለሁ። ገና ለገና ብዬ በገና በዓል ዮርግን "የአባትህ ጊዜ እየደረሰ ነው" ብለው "አታስቢ እማዬ፣ እኔ አለሁ" አለኝ። ፍሪድሄልም የሞተ ሰሞን እኔ እስክሪብቶ መያዝ አቅቶኝ የመቃብሩን ውል የፈረመው እሱ ነበር፤ የዕድሳት ጥሪውም የሚመጣው ለእሱ ነው። እኔማ አሳድጌው፣ አስተምሬው፣ አምኜው ተቀመጥኩ።

ለካ የሚነሳው ቁም ሣጥኔ አይደለም። አልጋዬ ነው እንጂ! እውነተኛው አልጋዬ። ድንጋዩ ላይ ከፍሪድሄልም ስም ሥር የእኔ ስም ተቀርጿል፤ ሙሉ ስሜ፣ ኤደልትራውድ ኦስትካምፕ፣ የተወለድኩበት ዓመት፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ባዶ። በሕይወቴ የራሴ ነው ብዬ የምተማመንበት አንድ ቦታ ቢኖር ይሄ ነው። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ ጉልበቴ ላይ ያለው ስፌት ሳይቀር ተናደደ።

"አሁንስ ሞቷል ማለት ነው?" አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ ገባት።

"ድንጋዩ እስካልተነሳ ድረስ አልሞተም" አለች። "የፈረመው ሰው ራሱ የመቃብሩ ቢሮ ቀርቦ 'ሐሳቤን ቀይሬያለሁ' ካለ ያድሱለታል። የእኔም ልጅ እንዲሁ አድርጎ ነበር። ግን ራሱ ነው መሄድ ያለበት፤ እኔና እርስዎ ብንንበረከክላቸው አይሰሙንም።"

ማጠጫዬን ከቦርሳ አውጥቼ ሞላሁትና የደረቀውን አጠጣሁ። ለማን እንደማጠጣ እኔም አላውቅም። ወይዘሮ ፒዮንቴክ አጠገቤ ቆመች፤ ለዚህስ አመሰግናታለሁ።

ቤት ስደርስ የከሰዓት ኬክ ቀርቦ ነበር። የእንጆሪ ኬክ፣ የተመታ ክሬም፣ የበዓሉ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሲልኬ ፀጉሬን አየችው። ያው እንደ ጠዋቱ ነው። ማጠጫውን ከቦርሳ አውጥቼ፣ ከነጭቃው፣ ከነሰንሰለቱ፣ ኬኩ አጠገብ ነጩ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩት። ውኃው ቀስ እያለ ወደ ሬገንስቡርግ ካርታ ሄደ፤ ማንም አላነሳውም። ዮርግ ሹካውን አስቀመጠ።

"ቢጎንያው ደስ ብሎት አብቧል" አልኩ። "ቀይ ነው። አንድ ብቻ ነው፣ ድንጋዩ እግር ላይ።"

"እማዬ ..." አለ ዮርግ።

"ረቡዕ እኔ የለሁም፣ አይደል?"

ጆሮው ቀልቶ አንገቱ ድረስ ወረደ። ከዚያ የኢንሹራንስ ሰው ሆነ። ማን ይንከባከበዋል አለ። "የልጅ ልጅሽ ሌኔ ሃምቡርግ ናት፣ እኔም እያረጀሁ ነው፣ አንቺ ደግሞ ጉልበትሽ እንዲህ ሆኗል፤ ሌላ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ማን ይተክላል፣ ማን ያጠጣል? አሁን ሰው ሁሉ ጫካ ውስጥ ነው የሚቀበረው፣ ዛፍ ሥር፣ አመድ ሆኖ፤ ንጹሕ ነው፣ ማጠጣት የለ፣ ማረም የለ። ለአንቺም ጥሩ ዛፍ አይተንልሻል" አለ።

"ምን ዛፍ?"

"ዋርካ የሚያህል ዛፍ ነው" አለ፣ በዚያ ሊያስደስተኝ።

"ከማን ጋር?"

እዚያ ዛፍ ሥር ከማን ጋር እንደምተኛ ጨርሶ አላሰበበትም። ታች የጎረቤት ሣር ማጨጃ ይጮኻል።

"ልንነግርሽ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ሬገንስቡርግ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ።"

"አዎ! በሰው ፊት እንደማልጮኽ ስለምታውቁ!" ጮኽኩ። "አባትህ ዳኑብን ሊያሳየኝ በነበረበት ቦታ፣ አባትህን አነሳነው ልትለኝ! አፈር ብላ! ሌላ ድልድይ አጣህ?"

ሲልኬ ማልቀስ ጀመረች። አልሳሳሁላትም፣ እንባዋ ግን የውሸት አልነበረም። "እሱ አይታደስም ብሎ ከፈረመ ጀምሮ እዚያ ሄጄ ማጠጣት አልቻልኩም" አለች። "ሁለት ጊዜ ብቻዬን ሄጄ ቧንቧው ጋ ደርሼ ተመለስኩ። የአባቱን ፊት የማየው እየመሰለኝ። ከዚያ ማጠጫውን ይዤው መጣሁ።" ከዚያ በኋላ እሷን ምን ልበላት? እጄን ዘረጋሁ። "ቁልፌን።" ተነሥታ ከምስማሩ ላይ አውርዳ ሰጠችኝ።

"አንተ ደግሞ ተነስ" አልኩት ዮርግን። "ሂድና አባትህን አጠጣ። እኔ አልለምንህም፣ አልረግምህም። አንድ ጊዜ ብቻ በእጅህ አጠጣውና፣ ከዚያ በኋላ ረቡዕ ይነሳ የምትል ከሆነ ይነሳ።"

ተነሳ። ማጠጫውን አነሳ፣ የመኪናውን ቁልፍ ያዘ፣ በሩን ከፈተ። እዚያው ቆመ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ ቆመና ዞረ። ጆሮው ቀይ አልነበረም አሁን፣ ፊቱ ሁሉ ነጥቷል።

"እማዬ ..." አለ፣ "በየትኛው በር ነው የሚገባው?"

ሲልኬ ለቅሶዋን አቆመች። እኔ የማውቀው ስድብ ሁሉ ጠፋኝ። አባቱ ጋ ከሄደ ስንት ዓመቱ ነው? እኔ አበባ እየተከልኩ፣ እኔ እያጠጣሁ፣ በየበዓሉ "አባቴ ደህና ነው?" ሲለኝ "ደህና ነው" እያልኩ፣ መንገዱ ከአእምሮው ጠፍቷል። መንገዱን የማያውቅ ሰው ቢፈርም ምን ይገርማል። ያወለቅሁትን ጫማ እንደገና አሰርኩ።

በመኪና ሄደን በታችኛው በር ገባን። "ከአበባ ሻጩ ወደ ግራ" አልኩት፣ "ቧንቧው ጋ ወደ ቀኝ" አልኩት፤ እንደ ሕፃን እጁን ይዤ ብወስደው በወደድኩ፣ ምርኩዜን ይዤ ነበር እንጂ። ማጠጫውን አፉ ድረስ ሞልቶ ሱሪውን አራሰው። ከዚያ ሁሉንም ውኃ አንድ ቦታ ላይ ዘረገፈው፣ ያን የሚያህል ሰውዬ ማጠጣት አይችልም። ባዶውን ማጠጫ ይዞ ድንጋዩን ማንበብ ጀመረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

"ስምሽ አለበት" አለ።

"አለበት።"

"መቼ ነው ያስጻፍሽው?"

"ስድሳ ዓመት የሞላኝ ጊዜ። እናንተ ሽቶ ሰጣችሁኝ፣ እኔ ለራሴ ይሄንን ሰጠሁ። አልቋል ማለት ይቻላል፤ የቀረው የምሞትበት ዓመት ብቻ ነው፣ እሱን አንተ ታስጽፈዋለህ።"

ተንበረከከ። በአዲሱ ሱሪው ጭቃው ላይ ተንበረከከና ቀዩን ነጥብ በአውራ ጣቱ ፈተገው። አልለቀቀም። መሐረቡን አርሶ ፈተገው፣ አሁንም አልለቀቀም፣ ደበዘዘ ብቻ። ትከሻው ሲርገበገብ አየሁና ፊቴን ወደ ሣሩ አዞርኩ፤ ልጅ እናቱ እያየችው ማልቀስ አይወድም።

"ቢሮው ሰኞ ስንት ሰዓት ይከፈታል?" አለኝ፣ ሳይነሳ።

"ጠዋት በሁለት ሰዓት። ግን ቀድመህ ሂድ፣ ሰው ይበዛል።"

"ሬገንስቡርግስ?"

"በመስከረም" አልኩት። "ድልድዩ ዘጠኝ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እሱን የሚያነሳው የለም።"

ስንወጣ ማጠጫውን ወደ ቦታው መልሶ፣ ሰንሰለቱን በብረቱ አዙሮ ቆለፈው። ጥሩ አድርጎ ነው የቆለፈው፣ ሁለት ጊዜ ስቦ ሞከረው። ከዚያ እጁን ዘረጋና "ቁልፉ እኔ ጋ ይሁን፣ በየቅዳሜው እመጣለሁ" አለኝ።

ልጄ ነው፤ ይመጣ ይሆናል። ቁልፉን ግን ኪሴ ከተትኩት።

"ሰኞ ፈርመህ ና፣ ያኔ እናያለን" አልኩት።